እስከ አስር መቁጠር

አሰላ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ ላይ ባዶ የገብስ ጆንያ ሰቅለንባታል። አንድ ቴፕ፣ አንድ ማይክራፎን፣ ግማሽ ቁልፎቹ የማይሠሩ አኮርዲዮን፤ ሌላ ነገር የላትም። ከሰዓት በኋላ ሙዚቃና ድምፅ ቀረጻ የምንማረው እዚያ ነበር። የሚያስተምሩን ከጎጃም ተመድበው የመጡ መምህር የአርሲን ብርድ ስላልቻሉት ካፖርታቸውን አውልቀው አያውቁም።

መምህራችን ሁለት ነገር አጥብቀው ይነግሩን ነበር። አንደኛው፣ ዘፈን ሲያልቅ ቴፑ ወዲያው አይዘጋም፤ ሁሉም ባለበት ዝም ብሎ በልቡ እስከ አስር ይቆጥራል። «ዘፈኑ ቢያልቅም ድምፁ ገና ክፍሉ ውስጥ ነው፣ አትቁረጡበት» ይሉናል። ሁለተኛው የካሴት ጉዳይ ነው። ሊቀመጥ የሚገባው ካሴት ከጀርባው ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበራለች፤ እኛ «ጥርስ» እንላታለን። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ቴፑ አልቀዳም ይላል።

የቴፑ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ኃላፊነት ቶሎ ራሴ ላይ የሚወጣብኝ ልጅ ነበርኩ። የቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ እንደኔ አይቆጣም ነበር።

ብዙ የምቆጣው አንድ የክፍላችንን ልጅ ነበር። እናቱ ገበያ ገብስ ይሸጣሉ፤ እሱ ደግሞ እናቱ በአጨዳ ጊዜ የሚሉትን ዘፈን በኦሮምኛ ሲዘፍነው ጆንያ የተሰቀለበት ክፍል ሜዳ ይሆናል። ግን አስር መቁጠር አይሆንለትም። ገና የመጨረሻውን ቃል ከአፉ ሳያወጣ ማውራት ይጀምራል። «ምነው ልጄ፣ አስር ቁጥር እንዲህ ይከብዳል?» ይሉታል መምህሩ። ይስቃል። ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነ ቀን ግን መምህሩ ምንም አላሉትም፤ ካሴቱን ከእጄ ተቀበሉና ጥርሱን ሰበሩት።

ብዙም ሳይቆይ ዕድሜው ደርሷል ተብሎ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ከሌሎች ልጆች ጋር በጭነት መኪና ሲሄድ ቆመን አጨበጨብን። እንድናጨበጭብ ታዘን ነበር።

ክረምቱ አልፎ የአብዮት በዓል ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ኅብረ ዝማሬ ተቀርጾ በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ትእዛዝ መጣ፤ መምህሩ ደግሞ ከአገራቸው ገና አልተመለሱም። ባዶ ካሴት ፈለግን፣ የለም። የዚያን ልጅ ካሴት አነሳሁና የሲጋራ ወረቀት ጠቅልዬ ጥርሱ የነበረበትን ቀዳዳ ደፈንኩት። ቴፑ ቀዳ። ልጆቹ ሲያጉረመርሙ «ሲመለስ ይደግመዋል፣ ምን ችግር አለው?» አልኳቸው። ያኔ ይህ አባባል ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ እናቱ መጡ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ነጠላቸው ታጥቧል። መምህሩ ተመልሰዋል፣ ግን ሌላ ክፍል እያስተማሩ ስለነበር ያገኙት እኔን ነው።

«ልጄ ከሄደ ጀምሮ ደብዳቤ የለም» አሉ። «ሲሄድ ‹ድምፄ ትምህርት ቤት አለ፣ ከናፈቅሁሽ ሂጂና ስሚው› ብሎኝ ነበር። ታሰሚኛለሽ፣ ልጄ?»

የለም ማለት ነበረብኝ። አጥፍቼዋለሁ ማለት ነበረብኝ። «እሺ እማማ፣ ይቀመጡ» አልኩና ካሴቱን ከተትኩት።

ኅብረ ዝማሬው ጀመረ። ሠላሳ ልጅ ይጮኻል። ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«የቱ ነው እሱ?»

«ከመሃል ያለው ነው፣ እማማ።»

«ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ የለም» አሉ። «ልጄን አላውቀውም እንዴ?»

ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም እንዲያ አላፈርኩም። ዘፈኑ አለቀ። ያኔ ቴፑን አጥፍቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር፤ ግን ልማድ ነውና እጄ ሳይነሳ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አስር ስል፣ ቀረጻውን ያቋረጥኩበት ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቁልፉ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ክፍሉ በሱ ድምፅ ተሞላ።

የሱ ዘፈን ከኛ ይረዝም ነበር። ኅብረ ዝማሬው ያልሸፈነው የመጨረሻው ስንኝ ግማሽ ቀርቶ ኖሯል። ስንኙን ጨረሰና እንደ ልማዱ ወዲያው ቀጠለ።

«ቢሻን የለም እንዴ? ውሃ ስጡኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

ከዚያ የሴት ልጅ ድምፅ መጣ፣ ቁጡ። «ዝም በል! ገና አስር አልሞላም!»

ቀረጻው እዚያ ላይ አበቃ። ያ ድምፅ የኔ ነው።

እናቱ ድምፁ የኔ መሆኑን አላወቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እንባቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል።

«ውሃውን ሰጣችሁት?» አሉኝ።

ያን ቀን ማንም ከቦታው እንዳይነሳ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ቴፑን ዘግቼ፣ ካሴቱን አውጥቼ፣ ስሙን እስክጽፍበት ድረስ ልጁን ከነጥሙ ቁጭ አድርጌው ነበር። ከዚያ ደወል ተደወለና ወደ ቤታችን ሄድን።

«አዎ እማማ፣ ሰጠነው» አልኳቸው።

ተነሡና ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።