ፊልድ ላይ ያለው ባሌ

እናቴ ከዱራሜ ልትመጣ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት አከራዬ ክፍሉን ልቀቂልን አሉኝ። ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ ሙሽሮቹ የሚገቡት እኔ ክፍል ነው። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ግን ሰርግ ነውና «እግዚአብሔር ይባርክላችሁ» ብዬ ወጣሁ።

እናቴን ያስመጣኋት እኔ ነኝ። ጉልበቷን ታማ ብቻዋን መኖር ከብዷት ነበር። ክረምቱን እኔ ጋ ጂንካ እንድታሳልፍ ስንት ወር ለምኛት ገና እሺ ማለቷ ነው፤ አሁን ቆይ ካልኳት ሁለተኛ እንደማትነሳ አውቃለሁ። ስለዚህ የምፈልገው ደረጃ የሌለው፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ጭቃ የማይበዛበት ግቢ ነበር። ለራሴ ቢሆን የትም አድራለሁ።

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ባዶ ክፍል ያለ ደላላ አይገኝም። ደላሎቹ የሚቀመጡት ባጃጆች ከሚሰለፉበት ዛፍ ሥር ነው። አብረውኝ የሚያመልኩ እህቶች ቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር፦ ቤቱን ሳታዪ ብር እንዳትሰጪ፤ ካየሽም ቤቱ የማን እንደሆነ ሳታጣሪ እንዳትሰጪ። ወደ ዛፉ የሄድኩት ቦርሳዬን በብብቴ አጥብቄ ይዤ ነው።

ደላላው የጥርስ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እህቴ፣ ላጤ ነሽ?»

«ቤት ነው የጠየቅሁህ፣ ወንድሜ።»

«እኔም የቤት ጥያቄ ነው የጠየቅሁሽ። አከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

«አላገባሁም። እናቴ ግን ልትመጣ ነው።»

«እናት ጥሩ ነው» አለና ትንሽ አሰበ። «ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም።»

የመጀመሪያው ቤት ከመጠጥ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። ሁለተኛው ዳገት ላይ ነው፤ እናቴ በወሳንሳ ካልሆነ አትወጣውም። ወደ ሦስተኛው ሲወስደኝ ባጃጅ ጠራ። ቀኝ ታጠፍን፣ ግራ ታጠፍን፣ በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ዳር ሄድን፣ ተመለስን።

«ይሄን ወፍጮ ቤት ቅድም አላለፍነውም?»

«ጂንካ ወፍጮ ብዙ ነው፣ እህቴ።»

«ደጃፉ ላይ የተኛው ነጭ ውሻም ብዙ ነው?»

የባጃጁ ሹፌር ሳቀ፤ ደላላው አልሳቀም። ደንበኛው ብቻውን ተመልሶ ከአከራዩ ጋር እንዳይዋዋል መንገዱን እንዲህ እንደሚያምታቱበት የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ቀን ግን ታፍኜ የምወሰድ መሰለኝ። በልቤ እየጸለይኩ፣ በጸሎቱ መሐል የባጃጁን ታርጋ ቁጥር እደጋግም ነበር።

ቤቱ ግን ቤት ነው። አከራይዋ ባላቸው የሞተባቸው የአሪ እናት ናቸው። ከጓሮው እንሰት አለ፤ ሳየው አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሽንት ቤቱ ከክፍሉ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ይህን ያህል መመቸቱ ራሱ አላማረኝም። ደላላውና ሴትዮዋ በአሪኛ ያወሩ ጀመር። እሱ ወደ እኔ ይጠቁማል፤ ቀጥሎ እጁን ወደ ደቡብ፣ ወደ ታች ኦሞ ይዘረጋል። እሳቸው አየት ያደርጉኝና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ጨዋ ናት አልኩ።»

«ጨዋ ለማለት ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«በአሪኛ ረጅም ነው።»

በማግሥቱ ብቻዬን ፍለጋ ወጣሁ። ግቢው ልብስ ከምሰፋባት ሱቄ ጀርባ፣ በእግር አምስት ደቂቃ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤት አንኳኩቼ የማን ቤት ነው አልኩ። ሁለተኛ ጎረቤትም አንኳኳሁ። አንዷ ሴት «ልትከራዪው ነው ወይስ ልትከሺው?» አለችኝ። ሁሉም ቤቱ የእሳቸው ነው አሉ። ሐሙስ ገባሁ፤ የገባሁ ዕለት ጓጉንቸሩን ቀየርኩ፤ መስኮቱንም ከውስጥ በሽቦ አሰርኩት።

ሰኞ ጠዋት ጠመኔው እንዲለቅ ብዬ ያጠብኳቸውን የደንበኛ ሱሪዎች ገመድ ላይ ሰቅዬ ነበር። አከራይዋ እማማ መጥተው የአንዱን ጫፍ ያዝ አደረጉት።

«ረጅም ሰው ነው። የባልሽ ነው?»

«የሰው ነው፣ እማማ» አልኩ።

«ባል ሰው አይደለም እንዴ!» ብለው ሳቁ። «ፊልድ ከባድ ነው። ታች ኦሞ ሙቀቱ ሰው ይጨርሳል። መቼ ነው የሚወጣው?»

ያ ወደ ደቡብ የተዘረጋ እጅ የዚያን ጊዜ ገባኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ።

«ላጤ አላስገባም ብዬ ነበር። ላጤ ስትገባ ሰው ይመላለሳል። አንቺ ባለ ትዳር ነሽ ሲለኝ ነው እሺ ያልኩት።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ ሲታይ እውነት ነው፤ ሱሪው የሰው ነው፣ እግዚአብሔርም ያውቃል። ተንበርክኬ ይህንኑ ለጌታ ላስረዳ ስጀምር ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ። የባሰው ደግሞ ረቡዕ ዕለት ነው። ሱቅ ውስጥ ሊተኮሱ የሚችሉ ሁለት የወንድ ሸሚዞች ቤት አምጥቼ ገመዱ ላይ ሰቀልኩ። ለምን እንዳመጣኋቸው እጄ ያውቅ ነበር።

ሐሙስ ዛፉ ሥር ሄድኩ።

«ባል ስጠኝ ማን አለህ?»

«እኔ የት ሰጠሁሽ? ፊልድ ላክሁት እንጂ!» አለ፤ አጠገቡ ያሉት ደላሎች ተንከተከቱ። «ለሁሉም ላጤ እንዲሁ ነው የምለው። እስካሁን አንድም ባል ተመልሶ መጥቶ አስቸግሮኝ አያውቅም።»

«እኔ አማኝ ነኝ።»

«አማኝም ቤት ይከራያል። ንገሪያትና ውጪ፣ ወይ ዝም በይና ኑሪ። እናትሽ መቼ ነው የምትገባው?»

«ቅዳሜ።»

«እሷንም አስቀድመሽ ምከሪያት።»

እናቴን። በልጅነቴ ከጎረቤት አጥር ሥር ያነሳሁትን አንድ እንቁላል በሰው ፊት ያስመለሰችኝን እናቴን፣ በስተርጅናዋ፣ አማቼ ፊልድ ነው በዪ ልላት ነው። ከዛፉ እስከ ሱቄ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ እማማ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ቁጭ ሳልል ነገርኳቸው። ባል የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም፤ ደላላው የፈጠረው ነው፤ እኔም ከሰኞ ጀምሮ አውቄ ዝም ብያለሁ። እጃቸው መቀንጠሱን አላቆመም።

«ሱሪውስ?»

«የደንበኛ ነው።»

«የሰው ነው አልሽኝ።»

«አዎ … የሰው ነው።»

«እናንተ አገር እንዲህ ነው የሚወራው?» አሉ። «ደላላ ሲዋሽ አውቃለሁ፤ እንጀራው ነው። አንቺ ግን በየጠዋቱ ስትጸልዪ በግድግዳው እሰማሻለሁ።»

ከሁሉ ይህ ቆረጠኝ። ስጠረጥራቸው ሰንብቼ፣ ጓጉንቸር ቀይሬባቸው፣ እሳቸው ለካ በጸሎቴ አምነው ነበር።

«እናቴ ትመጣለች ያልሽውስ? እሱስ?»

«እሱ እውነት ነው፣ እማማ። ነገ ትገባለች።»

«እናያለን» ብለው ጎመኑን ይዘው ገቡ። ውጪ አላሉኝም፤ ኑሪም አላሉኝም። ዕቃዬን ልሰር አልሰር ስል መሸ። ግማሹን አሰርኩት።

ቅዳሜ መናኸሪያ ሄጄ እናቴን ከአውቶቡስ ደግፌ አወረድኳት። ከዱራሜ ሶዶ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ጂንካ፤ ጉልበቷ ድንች አክሏል። ስለምናድርበት ቤት እንኳ እርግጠኛ እንዳልሆንኩ አልነገርኳትም። ከባጃጅ ስንወርድ እማማ የግቢውን በር ይዘው ቆመዋል። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ጌታ ይመስገን ተባባሉ። በሩ ግን አልተከፈተም።

«እናቴ» አሉ እማማ፣ እኔን ሳያዩ። «ይህቺ ልጅሽ ባል አላት?»

እናቴ ትከሻዬን ተደግፋ ነበር። ምንም አልመከርኳትም። እግሬን እግሬን አየሁ።

«ባል?» አለች እናቴ። «እኔስ በዚህ ጉልበቴ ይሄን ሁሉ አገር የመጣሁት አግብታ ደብቃኝ እንደሆነ ልይ ብዬ አይደል! እናንተ ጋ ታይቷል እንዴ?»

እማማ የዚያን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ።

«እኛ ጋም አልታየም» አሉ። በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው የእናቴን ሌላኛውን ክንድ ያዙ። «ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ።»