የጋሽ ወልዴ የተራቀቀ አማርኛ

የተራቀቀ አማርኛ ያስፈራል ብል ታምኑኛላችሁ? እኔን ማንኪራ ጫካ ውስጥ አስፈርቶኛል።

ለሥራ ቦንጋ በተመደብኩ ሰሞን ነው። ማንኪራ ሄጄ የጫካ ቡናውን እንድመለከት ስታዘዝ የቢሮ ጓደኞቼ፣ «ጋሽ ወልዴ ይውሰዱህ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛቸው ግን እንደ መጽሐፍ ነው» አሉኝ።

መንገዱ ጠባብ፣ ጉሙ ከባድ ነበር። ጋሽ ወልዴ፣ ጭቃው ካንሸራተተኝ ሊይዙኝ፣ ገጀራቸውን እንደያዙ ከኋላዬ ሆኑ።

«ባለትዳር ነዎት?»

«አዎ፣ ሁለት ልጆችም አሉኝ።»

«ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ» አሉ ቀስ ብለው።

ነበሩ? ዞሬ አየኋቸው። የቀልድ ፊት አይደለም። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«በሥራቸው ታታሪ፣ በጠባያቸው ሰው አክባሪ ነበሩ።»

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ገጀራው ከኋላዬ ቅርንጫፍ በቆረጠ ቁጥር አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ይገባል።

«አይዞዎት» አሉኝ ደግሞ፣ «ትንሽ ነው የቀረዎት። ከዚህ ዓለም ድካም ያርፋሉ።»

እርምጃዬን ሳፈጥን ጭቃው አንሸራተተኝና ዘጭ አልኩ። ደግፈው ሲያነሱኝ ከዛፎቹ ማዶ የምንሄድበት መንደር ቤቶች ታዩኝ። ትንሽ ነፍስ ዘራሁና፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ይሄን የተራቀቀ አማርኛ የት ተማሩት?» አልኳቸው።

ፊታቸው በኩራት በራ። «ቀብር ላይ ነዋ! እዚህ አገር ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የማነበው እኔ ነኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጭቃውን ከልብሴ ላይ እያራገፉ ትንሽ አሰቡና፣

«ለመሆኑ» አሉኝ፣ «ሙሉ ስምዎን ማን ልበል?»