የእንሰትን ጠላት ያስተዋወቁን መምህርት ብርሃኔ

መምህርት ብርሃኔ ሐሙስ ጠዋት ሴቻ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸው ሲነገረኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ውሸት ነው!» የሚል ነበር። ውሸት ቢሆን ምን ነበረበት! አርባ ምንጭ ላይ ማይክሮባዮሎጂ ያስተማሩን፣ ስንቱን ሰነፍ ገፍተው ያስመረቁ እናታችን አልፈዋል። የምታውቋቸው ሁሉ፣ ሐዘኑ የጋራችን ነው።

ክፍል ሲገቡ ሰላምታቸው ጥያቄ ነበር። «እህሳ፣ ይቺ ባክቴሪያ ሁለት ሽፋን ደርባለች። ፕሮቲኗን እንዴት አድርጋ ደጅ አወጣችው?» አንዴ ደፍሬ «ሴሏ ፈንድቶ» አልኳቸው። «ወይ ጉድ! ቤቱ ከፈረሰማ ሁሉም ይወጣል። እኔ የምጠይቅህ ቤቱ ቆሞ ሳለ ነው!» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከትምህርት በኋላ ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው የውስጠኛውን ሽፋን፣ መካከል ያለውን ክፍተት፣ የውጭኛውን ሽፋን በር እየሳሉ እስኪገባኝ አስረዱኝ። «አፍ የላትም፤ ምግቧን ደጅ ነው የምታላምጠው» ይሉ ነበር።

የትምህርታቸውን ልክ ያወቅሁት ግን በእናቴ ጓሮ ነው። እናቴ አባቴ ከሞተ በኋላ ደጋው ጨንቻ ላይ ያሳደገችን በእንሰት ብቻ ነው። አንድ ክረምት እንሰቱ ከመሃሉ ቢጫ እየሆነ ይጠወልግ ጀመር። «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጸሎት ያዘች። ለመምህርት ስነግራቸው ካፖርታቸውን ደርበው ጨንቻ ወጡ። አንዱን ሲቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣው። ባክቴሪያዋ የሚያሟሙ ፕሮቲኖችን ከሽፋኗ ወደ ውጭ እያወጣች እንሰቱን እንደምታፈርሰው እናቴን በጋሞኛ አስረዷት።

«አፍ ከሌላት በምን ገባች?» አለች እናቴ።

«በቢላችን። የታመመውን የቆረጠ ቢላ እሳት ካልነካ ወደ ጤነኛው ይዟት ይሄዳል።»

እናቴ ክው አለች። በእኛ አገር ሴቶች እንሰት የሚፍቁት በደቦ ነው፤ ቢላቸውን ይዘው ከጓሮ ጓሮ ይዞራሉ። «ልታግዘኝ የመጣችን ጎረቤት ቢላሽን እሳት አስነኪ ልበላት? መርዘኛ ነሽ ማለት አይደል? ከማፍርስ እንሰቱ ይቅርብኝ!»

መምህርት አልተከራከሯትም። በሚቀጥለው ደቦ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሴቶቹ መሃል ገቡና የገዛ ቢላቸውን በሁሉም ፊት እሳት ላይ ያዙት። «እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ምን ይዤባችሁ እንደመጣሁ ማን ያውቃል!» አሉ። ሴቶቹ ተሳሳቁ። ከዚያ አንዷ ቢላዋን ወደ እሳቱ አስጠጋች፣ ሌላዋም ተከተለቻት። ማንም አላፈረም። የታመሙትን ነቅለን ቀበርን፤ የቀሩት ዳኑ።

መምህርቴ፣ ትናንት ለቅሶዎ ላይ የቀረበው ቆጮ ከዚያ ጓሮ የተፋቀ ነው። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ራሷ ይዛው ወረደች፤ «እኔ መቅደም ሲገባኝ!» እያለች ደረቷን መታች። ናፍቀውናል፣ ገና ካሁኑ። እንግዶችዎ ግን በልተው ጠግበዋል። እንግዲህ አርፈው ይተኙ።