የአረንጓዴው ኩባንያ ተራራ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ አፍራለሁ።

የእናቴ ወንድም አያ መኩሪያ ዳባት አካባቢ ገበሬ ናቸው። እርሻው ሲከብዳቸው ሁለቱን በሬዎቻቸውን ሸጡና እኔ ዘንድ ጎንደር መጡ። «አንተ የተማርህ ነህ። የቀረኝ ጉልበት ይኸ ብር ነው፤ የት ላድርገው?» አሉኝ።

መምህር ነኝና መልስ አላጣም። ሲሚንቶም ዘይትም ሆቴልም ያለው አንድ ትልቅ ኩባንያ ፒያሳ ላይ አክሲዮን ይሸጥ ነበር፤ ወሰድኋቸው። ጃንጥላው አረንጓዴ፣ የሻጯ ሻርፕ አረንጓዴ፣ የሚታደለው ወረቀት ላይ ደግሞ ደን የለበሰ ተራራ አለ።

«ይኸ ተራራ እርስዎ አገር ነው» አልኋቸው። «ኩባንያው ነው ያለበሰው። ክረምት ላይ እኔም ከመምህራን ጋር ሄጄ ተክያለሁ።»

ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ሸጋ ነው። በሬም ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም። እንግዲያ የተከልኸውን አሳየኝ።»

በማግስቱ ዳገቱን ወጣን። አናቱ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ሰሌዳ ቆሟል። ከእሱ በቀር ጥላ ያለው ነገር የለም፤ ጥበቃው ራሱ ከሥሩ ተጋድሟል። ቀሪው የደረቀ ጭራሮና ባዶ ጉድጓድ ነው። አያ መኩሪያ አንዱን ጉድጓድ በዱላቸው ጫር ቢያደርጉ ጥበቃው ብድግ አለ።

«አባቴ፣ ጉድጓዱን አይነካኩብኝ። ለከርሞ የሚተከልበት ነው።»

«ምነው፣ የአምናው የት ሄደ?»

«በየዓመቱ እዚያው ላይ ነው የሚተክሉ። ፎቶ ይነሡና ይሄዳሉ፤ የሚያጠጣ የለ።»

ልቤ ቀለል አለው፤ ጥፋቱ የኩባንያው ነዋ። በየችግኙ ሥር የተከለው ሰው ስም ያለበት ካርድ ተሰክቶ ስለነበር የእኔን ፈልጌ አገኘሁ። አያ መኩሪያ በሁለት ጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ከነጥቁር ላስቲኩ መጣ። ላስቲኩ ሳይቀደድ ሥር እንደማይሰድ የማያውቅ የለም። ያን ቀን ግን ፎቶ አንሺው ሲጣራ ቸኩዬ ነበር።

«ይኸንንስ ኩባንያው ነው የተከለው?» አሉኝ።

ስሜ ያለበትን ካርድ ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ። እሳቸው በብሩ መልሰው በሬ ገዙ፤ አሁን ጎረቤታቸው ምርቱን እየተካፈለ በእኩል ያርስላቸዋል። አክሲዮኑ በመቅረቱ ደስ ይለኛል። መምህራን ክበብ ኩባንያው ሲታማ ግን እኔ ሻዬን አማስላለሁ እንጂ አፌን አልከፍትም።