ከሹመት ወርጄ ዳማ የተጫወትኩ ቅዳሜ

ለንደን ውስጥ የዋይት ሲቲ ሰፈር የዳማ ቡድን አለቃ እኔ ነበርኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ራሴን የሾምኩት ራሴ ነኝ። ሁላችንም ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን፣ አንዳንድ ቅዳሜ ከፊንስበሪ ፓርክ ሽማግሌዎች ጋር እንጋጠማለን። ሰሌዳው ካርቶን ነው፣ ጠጠሩ ቆርኪ። ዳማን ያልተጫወተ ሰው የእጅ ጨዋታ ይመስለዋል። የአፍ ጨዋታ ነው። ስትበላ ትተርባለህ፣ ባትበላም ትተርባለህ፣ ሰውየው ሲናደድ ቆርኪውን ያለ ቦታው ያስቀምጣል። በተረብ ደግሞ የሚያህለኝ አልነበረም።

አንድ ቀን አሸንፈን ስንመለስ ባቡር ውስጥ «እኔ ባልኖር እናንተ ቆርኪ ለቃሚ ነበራችሁ» አልኳቸው። ቀልድ ነው። እውነትም ነው። ማንም አልሳቀም።

ከቡድኑ አንዱ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው። የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ። እኔ ፓርክ ሮያል በሚባለው ሰፈር ዳቦ ፋብሪካ የሌሊት ሠራተኛ ሳለሁ ጠዋት በሱ አውቶቡስ ነበር የምመለሰው፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ፌርማታዬን እንዳላልፍ ጮሆ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር። ከዚያ ባቡር በኋላ ይኸው ሰው ያለ ወትሮው ቤቴ እየመጣ የእስልምና መጀመሪያ ዘመን የጦር አዝማቾችን ታሪክ ይነግረኝ ጀመር። እኔ መጽሐፍ ብዙ አልገልጥም፣ ታሪክ ግን እወዳለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ እሱ ያወራል።

አብዝቶ የሚያወራው የአላህ ሰይፍ ስለሚባለው አዝማች ነው። መጀመሪያ ጠላት እንደነበረ፣ ኋላ እንደሰለመ፣ ግመሎቹን ውሃ አጥግቦ ደረቁን በረሃ እንዳቋረጠ ነገረኝ። ጥማት ሲጠና ግመሎቹን እያረዱ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ውሃ ፈረሶቹን አጠጡ አለ።

«ለግመሎቹ ነግረዋቸዋል?» አልኩት።

«ምኑን?»

«በርሜል መሆናቸውን።»

ሻዩ ትን አለው። ሲረጋጋ ቀጠለ። «እንግዲህ ሰውየው ይህን ሁሉ አሸንፎ፣ ዛሬ ሶርያ የሚባለውን አገር እየያዘ ሳለ፣ አዲስ ኸሊፋ፣ የሙስሊሙ ሁሉ መሪ፣ ተሾመ። ደብዳቤ ላከ። ከአዛዥነት ወርደሃል፣ ሌላ ሰው ተተክቷል ብሎ።»

«በምን ጥፋት?»

«ሰዉ ድል የሚገኘው በዚህ አዝማች ነው ማለት ጀምሮ ነበር ይባላል። ከአላህ መሆኑ ተረሳ።»

«የተተካውስ?»

«ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው። ደብዳቤው ለሱ ነው የደረሰው። ግን ውጊያው እስኪያልቅ ደብቆ ያዘው። ለመናገር አፍሮ።» ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ሐኪም ስኳር ከልክሎታል፤ የሚማሰል ነገር የለውም። «አንተ ብትሆን ይህን ሰው ምን ትለዋለህ?»

«ፈሪ እለዋለሁ። ወዳጅ ወዳጁን ፊት ለፊት ነው የሚሽረው።»

አማሰለ፣ አማሰለ። «ተሽረሃል» አለኝ።

ለካ እኔ በሌለሁበት ተሰብስበው እሱን አለቃ አድርገውታል። ውጣ አልኩት፣ ወጣ። ፊንስበሪ ፓርክን ዳግም አልረግጥም ብዬ ማልኩ። ችግሩ ግን ታሪኩን ሳይጨርስልኝ መባረሩ ነው። የተሻረው አዝማች ምን አደረገ? ሳህን ሳጥብ ይመጣብኛል፣ ካልሲ ሳጠልቅ ይመጣብኛል። ግድግዳው ማዶ ሲያስል እሰማዋለሁ፣ ልጠይቀው ደግሞ ኩራቴ አይፈቅድም። የሚቀጥለው ጨዋታ ዋዜማ ላይ አልቻልኩም። በሩን ማንኳኳት እጅ መስጠት መስሎ ስለታየኝ ጎንበስ ብዬ ፖስታ የሚጣልበትን ቀዳዳ ከፈትኩ።

«ያ ሰውዬህ ምን አደረገ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የተሻረው ነዋ።»

«ተዋጋ።»

«ምን ሆኖ?»

«ወታደር ሆኖ። በተተካው ሰው ሥር።»

«አላኮረፈም?»

«አኩርፎ እንደሆነ ሆዱ ያውቃል። ሰይፉን ግን አላስቀመጠም።»

ቀና ልል ብሞክር ጉልበቴ እምቢ አለ። በሩን ከፍቶ እየሳቀ አነሳኝ፣ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

«ነገ ትጫወታለህ» አለኝ። «ግን ያለ አፍ። አንዲት ተረብ ከወጣችህ ሰሌዳውን አነሳዋለሁ።»

«ያ አዝማች ሲሻር ሰይፉን አልተቀማም» አልኩት።

«እሱ ትእዛዝ ይሰማ ነበር።»

በማግስቱ ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለች ካፌ ውስጥ ተቀመጥን። እኩል ለእኩል ሆንንና የመጨረሻው ሰሌዳ ለኔ ደረሰ። ከፊቴ የተቀመጠው አማርኛን አስመራ ተምሮ ያደገ ኤርትራዊ ነው፣ ተረቡ እንደ በርበሬ። ገና ሳይጀምር፣ «ጡረታ ላይ ሌላ ጡረታ ጨመሩልህ አሉ» አለኝ።

ቆርኪ ገፋሁ።

«ያቃጠልከው ዳቦ እኮ እስከዛሬ ፓርክ ሮያል ይሸታል።»

መልሱ ምላሴ ላይ ነው። ዞር ስል አለቃዬ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሻርፔን ነከስኩ። ያፈንኩት ሳቅ መውጫ ሲያጣ ሆዴ ውስጥ ገባና ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠው ጀመር፣ ቆርኪዎቹ ተንጫጩ። ሰውየው ተረቡን አቆመ።

«ምነው፣ አሞሃል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሰው ሞቶበት ነው?» ብሎ አለቃዬን ጠየቀ።

«ተጫወት አንተ» አለው አለቃዬ።

ሰውየው ደነገጠ። ስንት ዘመን ስሰድበው የኖርኩ ሰው፣ ዝም ብዬው አላውቅም። ሰሌዳውን ትቶ ፊቴን እያየ አንዲት ቆርኪ ገፋ፤ መንገዱ እስከ ዳር ወለል አለ። እየዘለልኩ፣ እየበላሁ፣ ጥግ ደርሼ ነገሥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ በጸጥታ በልቼ አላውቅም፣ እንደ መነኩሴ። ወዲያው አለቀ፣ አሸነፍን።

ባቡር ላይ አለቃዬ ጠጋ አለኝ። «ሰዎቹ ተስማምተዋል። ሹመትህን ውሰድ።»

«ያ አዝማች ተመልሶ ተሾመ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አልፈልግም። እኔ ከሱ አልበልጥም።»

«አንተ ግትር።»

«አፌን ግን መልስልኝ።»

አሰበበት። «ኦክስፎርድ ሰርከስ ባቡር ስንቀይር» አለኝ።

ቀየርን፣ በሩ ተዘጋ። «ስማ አንተ ደብዳቤ ደባቂ» ብዬ ጀመርኩ። ዋይት ሲቲ ስንደርስ ገና የተረቡ መግቢያ ላይ ነበርኩ።