አሥራ አራት ትርፍ

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ስንት ይሆናል? የበላው፣ የለበሰው፣ የተኛው ሁሉ ተቀንሶ ምን ይቀራል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ የሚደቀነው በመድኃኒት ምርመራ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራው ሰው ነው። "ሚዛን" ነበር የምንለው። ሥራው መድኃኒት ሲበላሽ ወደ ምን እንደሚለወጥ መለየት ነበር። አሟሙቶ ለማሽኑ ያጎርሰዋል፤ ማሽኑ ሞለኪውሉን ሰባብሮ የየስብርባሪውን ክብደት ይናገራል፤ እሱ ደግሞ ገጣጥሞ "ይኼ ከዚያ ተወለደ" ይላል። ዝምተኛ ነበር። ሚስቱ "እሱ ሲገባ የሚያወራው በሩ ነው" ትል ነበር።

አንድ ጊዜ ከመጋዘን በመጣ እንክብል ውስጥ ከመድኃኒቱ በአሥራ አራት የሚበልጥ ክብደት አገኘ። አንድ ኦክስጅን ገብቶ ሁለት ሃይድሮጅን ሲወጣ ልዩነቱ አሥራ አራት ነው፤ ሙቀትና አየር የሚያመጡት ብልሽት። እንዲያ ብሎ ጻፈ። መድኃኒቱ ተቃጥሎ ተወገደ። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በቸልተኝነት ተከሰው ከሥራ ተባረሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የክብደትን ሽራፊ ሳይቀር የሚለይ አዲስ ማሽን መጣ። ሚዛን እጁን ሊያፍታታ ከፋብሪካ ገና የወጣ ያንኑ መድኃኒት እንደ ወትሮው ሜታኖል በሚባለው ማሟሚያ አልኮል አሟሙቶ፣ አሳድሮ አስገባው። አሥራ አራቱ ቁጭ ብሏል። ማሽኑ ግን ኦክስጅን አይደለም አለ፤ ውሃ አስወጥቶ መድኃኒቱ ላይ የተጣበቀው ሜታኖሉ ራሱ ነበር። ያን ጊዜም የመጋዘኑ ናሙና ተራ እስኪደርሰው ሦስት ቀን ሜታኖል ውስጥ ከርሟል፤ ለማነጻጸሪያ የቀረበው ደህና መድኃኒት ግን የዚያኑ ጠዋት የተሟሟ ነበር።

ጠርቶ አሳየኝ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ።

"ምኑን?"

"ብልሽቱን። እዚህ ጠረጴዛ ላይ።"

በማግስቱ ጋሼ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩበት ቤት ድረስ ሄድን። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጫማ ይጠርጋሉ።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር" አላቸው።

ብሩሻቸውን አላቆሙም። "ቴርሞሜትሩን በቀን ሦስቴ የማነበው እኔ፤ የማላውቀውን የነገርከኝ መሰለህ? ሂድና ለነሱ ንገራቸው። ልጄ እስከ ዛሬ 'አባዬ፣ እውነት መድኃኒቱን ሙቀት ላይ ረስተኸው ነው?' ትለኛለች።"

ነገራቸው። አለቃችን ወንበሩን አቀረበለትና፣ "ስማ ወንድሜ፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም?" አለው።

"ሞኙስ እኔ ልሁን። ወረቀቱን የያዝከው ግን አንተ ነህ።"

አለቃው ስቆ ሻይ አዘዘለት። ሻዩን ጠጣ። ምን ያድርግ? ከዚያ በኋላ አራት ማመልከቻ ጻፈ፤ ለአራቱም "ደርሶናል" የሚል መልስ መጣ። መናደድ እንኳ ተወ። ናሙና ሲያሟማ የሜታኖሉን ጠርሙስ ትንሽ እያየ ይቆይ ነበር፣ ያ ብቻ።

ጡረታ የወጣ ቀን ሁላችንም አዳራሽ ተሰበሰብን። አለቃው ትከሻውን አቅፎ "ምን እንሸልምህ? አትፈር፣ ጠይቅ" አለው።

"ሽልማቱ ይቅርብኝ። ከዚያ ዘገባ ኋላ አንዲት ገጽ አያይዙልኝ፤ ስህተቱ የኔ እንደነበር የምትል። ጋሼ በሕይወት ሳሉ።"

አጨበጨብንለት። ገጿ አልተያያዘችም።