በእንጀራ ዓይን የታተመው ካርድ

ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ገበያ የሚነግድ አንድ ሰው ፖስታ አመጣልኝ። ከሞያሌ መሆኑን ሲነግረኝ ገና ሳልከፍተው አፍንጫዬን ያዝኩ። "ምነው እናቴ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?" አለኝ። ፖስታውን በጣቴ ስዳብሰው ውስጡ ያለው ካርድ ሻካራ ነው። የዚያን ሻካራ አሠራር የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከሩቂያ ጋር ፓርክላንድስ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሩቂያ የሞያሌ ልጅ ናት። አጎቷ "እስከ እንቁጣጣሽ ሥራ ካልያዝሽ ተመልሰሽ ሞያሌ ሱቄ ውስጥ ትቀመጫለሽ" ብሏታል። እሷ ደግሞ ከቀለም ሌላ ምንም አያምራትም። መሃል ከተማ ማተሚያ ቤት የነበራቸው እትዬ አልማዝ፣ ለደንበኞቻቸው የሚልኩት ስድሳ የእንቁጣጣሽ ካርድ አዘዙን። "ካማረልኝ ሩቂያን እቀጥራታለሁ" አሉ።

አሠራሩ የራሷ ፈጠራ ነበር። ዱቄት በውሃ ታፈላና ወፍራሙን ሙጫ ወረቀቱ ላይ ትቀባዋለች። ሳይደርቅ፣ ሁርሊንግሃም ካለው የአበሻ ምግብ ቤት የገዛነውን እንጀራ በዓይኑ በኩል ጫን አድርጋ ታነሣለች፤ ዓይኑ እንዳለ ይታተማል። ሲደርቅ ድንች ለሁለት ሰንጥቀን፣ አደይ አበባ ቀርጸንበት፣ ቢጫ የውሃ ቀለም እየነከርን እናትማለን። ቀለሙ ጉድጓዶቹ ውስጥ ሰርጎ ሲቀር፣ እውነቴን ነው፣ እጅ የሚያስቆረጥም ነበር።

ግን የናይሮቢ ነሐሴ ፀሐይ የለው፣ ወግ ያለው ዝናብ የለው፤ ዝም ብሎ መብረድ ነው። ሩቂያ "ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሳያገኝ እንዳታሽጊው፣ አደራ" ብላኝ ዘመዶቿ ዘንድ ኢስሊ ሰነበተች። ቅዳሜ ጓደኞቼ ጥብስ ሥጋ እንብላ ብለው ሲጠሩኝ፣ ካርዶቹን ነካ ነካ አደረግኩና "ደርቋል" ብዬ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። ለአንድ ሳህን ሥጋ!

በሳምንቱ ካርቶኑን ጭናችን ላይ አድርገን በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ሄድን። አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ መስኮት ሲከፍት እኔ የእሱን ብብት ነበር የጠረጠርኩት።

እትዬ አልማዝ ቢሮ ደርሰን ካርቶኑን ስንከፍተው፣ ኧረ ጉድ! የኮመጠጠ፣ የበሰበሰ ሽታ ፊታችንን መታን። ሻጋታው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ ካርዱን ከካርድ አጣብቆታል። አንዱን ባነሣው አተላ የመሰለ ነገር ጣቴ ላይ ተዝለገለገ። እትዬ አልማዝ በሻርፓቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ "በስመ አብ! ይህን ነው ለሰው የምልከው? ማን ነው ያሸገው?" ብለው ጮኹ።

ሩቂያ አየችኝ። እኔ ወለሉን እያየሁ "እሷ ናት" አልኩ።

ወትሮ ለትንሹም ለትልቁም ወላሂ የምትል ልጅ፣ ያን ቀን አንዴም አልማለችም። በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ ዞር ብላ "ሒሩት፣ እኔ ነኝ?" አለችኝ። ጣቴ ላይ የቀረውን አተላ በቀሚሴ ጠረግኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሞያሌ ገባች።

ይባስ ብሎ እትዬ አልማዝ "አንቺ ጥንቁቅ ትመስያለሽ" ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ወሰድኩት! ጡረታ እስክወጣ እንጀራዬ እሱ ነበር። ሻጋታው ከእጄ በሳሙና ለቀቀ፤ ያቺን "እሷ ናት" ያለች ምላሴን ሳስባት ግን እስከ ዛሬ ትቀፈኛለች። ሰው የራሱን አፍ ይጠየፋል? እኔ እጠየፋለሁ።

ነጋዴው ሲሄድ ፖስታውን ቀደድኩት። አደይ አበባው፣ የእንጀራው ዓይን፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ በሩቂያ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ "ሒሩት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ አግኝቷል። ይህን ያሸግኩት እኔ ነኝ።"

ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ተነሥቼ እጄን ታጠብኩ።